200 ፈረስ ጭኖ ጅማ የማይደርሰው ሞተር

ነገሩ ለውርርድ ይመቻል። ሁለት ሞተር ብስክሌቶች አዲስ አበባ ላይ ታንካቸውን ጢም አድርገው ሞልተው ወደ ጅማ ተነሱ እንበል። አንደኛው የጃፓኑ ያማሃ አርዋን ነው። 998 ሲሲ፣ 200 የፈረስ ጉልበት፣ ገና አንደኛ ማርሽ ላይ እያለ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ጥሶ የሚያልፍ ማሽን! ሁለተኛው ጅማና አጋሮ ጎዳና ላይ በየዕለቱ የሚርመሰመሰው የህንዱ ባጃጅ ቦክሰር 150 ነው። ጉልበቱ 12 ፈረስ ብቻ። መንገድ ላይ ነዳጅ መጨመር ክልክል ነው ቢባል ጅማ የሚገባው የትኛው ነው?

ቅዳሜና እሁድ የአውሮፓን ኳስ ሲከታተል የሚውል ወጣት ያለማመንታት ገንዘቡን አርዋን ላይ ያስይዛል። ገንዘቡ ግን ይበላል። አርዋን ጅማ አይደርስም። ቦክሰሩ ግን ደርሶ፣ አጋሮ ድረስ ሄዶ፣ ተመልሶ ጅማ ያድራል።

በሞተር ዓለም ‹‹ሱፐር ባይክ›› የሚባሉት እነዚህ ግዙፍ ጉልበት ያላቸው ማሽኖች በፍጥነታቸው ይደነቃሉ። ስለ ፍጥነታቸው ብዙ ተብሏል። በአንድ ታንክ ስንት ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሳም። ለጅማና ለዙሪያዋ የቡና ከተሞች ሞተረኞች ደግሞ ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው። እንጀራቸው ያለው በፈረሱ ቁጥር ላይ ሳይሆን በሊትሩ ላይ ነው።

ሒሳቡ ሲሠራ

ከእ.ኤ.አ. 2015 ወዲህ የተሠራው ያማሃ አርዋን ታንክ 17 ሊትር ይይዛል። አምራቹ ራሱ ያወጣው የፍጆታ መጠን በ100 ኪሎ ሜትር 7.2 ሊትር ነው። ሲካፈል 236 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ከአዲስ አበባ ጅማ ደግሞ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ አርዋን ወልቂጤን አልፎ፣ የጊቤን ቁልቁለት ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ ሰኮሩ ሳይደርስ ቀጥ ይላል። ከዚያ በኋላ 200 ኪሎ የሚመዝን ብረት መግፋት ነው።

ይህም በእርጋታ ከተነዳ ነው። ነጂው ‹‹200 ፈረስ የገዛሁት ለምንድን ነው?›› ብሎ ጋዙን ከለቀቀው በአንድ ሊትር 10 ኪሎ ሜትር ማግኘቱም ያጠራጥራል። በዚህ ሒሳብ 170 ኪሎ ሜትር ላይ ነዳጁ ያልቃል። ወልቂጤን አለፍ እንዳለ፣ ወደ ጊቤ በረሃ ሲወርድ ማለት ነው።

ቦክሰሩስ? ታንኩ 11 ሊትር ብቻ ነው የሚይዘው። በአንድ ሊትር 40 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ በቁጠባ ቢሰላ እንኳ 440 ኪሎ ሜትር ይወጣዋል። ጅማ ገብቶ 90 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ነዳጅ ይተርፈዋል። ከጅማ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ነው። ደርሶ መልስ ልክ 90!

የጀርመኑ ቢኤምደብሊው ኤስ 1000 አርአርም ከዚህ ዕጣ አያመልጥም። 207 ፈረስ ጉልበት ያለው ይህ ሞተር ታንኩ 16.5 ሊትር፣ ፍጆታው በ100 ኪሎ ሜትር 6.4 ሊትር ነው። 258 ኪሎ ሜትር ሄዶ ሰኮሩ አካባቢ ይቆማል። ከያማሃው ትንሽ አለፍ ብሎ መቆም እንደ ድል የሚቆጠር ከሆነ ድል ነው።

ጉልበቱ ሲያድግ ታንኩ ሲያጥር

የሚገርመው ነገር እዚህ ላይ ነው። ጉልበት ሲጨምር የነዳጅ ማጠራቀሚያውም አብሮ ይጨምራል ብሎ የሚያስብ ሰው አይፈረድበትም። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው።

የዘመናዊ ሱፐር ባይክ አባት ተደርጎ የሚወሰደው ሆንዳ ፋየርብሌድ እ.ኤ.አ. በ1992 ገበያ ላይ ሲውል ጉልበቱ 120 ፈረስ አካባቢ ነበር። በ1998 ያማሃ የመጀመሪያውን አርዋን በ150 ፈረስ ይዞ ብቅ አለ። በ2001 ሱዙኪ ጂኤስኤክስ አር 1000ን በ160 ፈረስ አመጣ። በ2015 አዲሱ አርዋን 200 ደረሰ። በ2020 የሆንዳው ፋየርብሌድ 215 ፈረስን አለፈ። ከ30 ዓመት ባነሰ ጊዜ ጉልበቱ እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው!

ታንኩስ? የ1998ቱ አርዋን 18 ሊትር ይይዝ ነበር፤ የ2015ቱ 17 ሊትር። የ2001ዱ ሱዙኪ 18 ሊትር ነበር፤ የ2017ቱ ደግሞ 16 ሊትር። የ2020ው ፋየርብሌድም 16 ሊትር ገደማ ነው። ፈረሱ በዛ፣ መኖው አነሰ።

ምክንያቱ ውድድር ነው። የዓለም ሱፐር ባይክ ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1988 ሲጀመር ለመንገድ ከሚሸጡ ሞተሮች የተነሱ ማሽኖች የሚፎካከሩበት እንዲሆን ታስቦ ነው። አምራቾች እዚያ ለማሸነፍ ሲሉ ለመንገድ የሚሸጡትንም ሞተር ለውድድር እንዲመች አድርገው መሥራት ያዙ። በውድድር ደግሞ ክብደት ጠላት ነው። በአጭር ርቀት ለሚወዳደር ሞተር ትልቅ ታንክ ትርፍ ሸክም ነው።

የሞተር ስፖርት ቁንጮ በሆነው ሞቶጂፒ ከ2016 ጀምሮ ለአንድ ውድድር የተፈቀደው ነዳጅ 22 ሊትር ነበር። አንድ ውድድር ቢበዛ 130 ኪሎ ሜትር ነው። በ22 ሊትር አንድ የሞቶጂፒ ሞተር ወልቂጤም አይደርስም ማለት ነው! እ.ኤ.አ. በ2023 በጣሊያኑ ሙጄሎ ደቡብ አፍሪካዊው ብራድ ቢንደር በሰዓት 366.1 ኪሎ ሜትር ከንፎ የፍጥነት ክብረ ወሰን ሲያስመዘግብ ነጂውም ቡድኑም ስለ ቀጣዩ ማደያ የሚጨነቁበት ነገር አልነበረም።

ተቀምጠው የሚበሉ ፈረሶች

ለመሆኑ ያ ሁሉ ጉልበት መንገድ ላይ ምን ይሠራል? መልሱ አየር ነው። ሞተር ሲፈጥን ከፊቱ ያለውን አየር መግፋት አለበት። ፍጥነቱን በእጥፍ ለመጨመር የሚፈልግ ሞተር አየሩን ለመግፋት ብቻ ስምንት እጥፍ ጉልበት ያስፈልገዋል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ሱፐር ባይክ ከ20 ፈረስ በታች ይበቃዋል። የቀሩት 180 ፈረሶች የሚፈለጉት ወደ 300 ለሚደረገው ሩጫ ነው።

ሱዙኪ ሀያቡሳ እ.ኤ.አ. በ1999 ብቅ ብሎ 300ን ሲያልፍ ነገሩ ወዴት እየሄደ ነው የሚል ስጋት ተፈጥሮ ነበር። በዚህም የተነሳ ትላልቆቹ አምራቾች ፍጥነቱን 299 ላይ ለመገደብ እርስ በርሳቸው ተስማምተዋል። የጊቤን ጠመዝማዛ መንገድ የሚያውቅ ሰው ግን 299ኙንም የት እንደሚጠቀምበት ግራ ይገባዋል።

ታዲያ የማይሠሩት 180 ፈረሶች ነዳጅ አይበሉም? ይበላሉ። ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሙሉ ደመወዝ እንደሚበሉ ውድ ተጫዋቾች ናቸው። በደቂቃ ከ13,000 ዙር በላይ እንዲሽከረከር የተሠራ አራት ሲሊንደር ሞተር በእርጋታ ሲነዳም የውስጥ ሰበቃውን ለማሸነፍና በግማሽ በተዘጋ ጉሮሮ አየር ለመሳብ ነዳጅ ያባክናል። ቦክሰሩ በአንጻሩ አንድ ሲሊንደር ነው ያለው። በደቂቃ 7,500 ዙር ላይ ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል። ከ11ዱ ተጫዋች አንድም ተቀማጭ የለውም፤ ሁሉም ይሮጣል። እንግሊዝን በሩጫ ብዛት ያስደመመው ንጎሎ ካንቴ ሞተር ቢሆን ኖሮ ቦክሰር ይሆን ነበር።

ከፍታው የሚሰርቀው ጉልበት

የኳስ አፍቃሪ ከፍታን ያውቀዋል። ከባህር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ላይ ወዳለው የአዲስ አበባ ስታዲየም የሚመጡ የውጭ ቡድኖች ከእረፍት በኋላ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ብዙ ጊዜ ታይቷል። ፊፋ በ2007 ከ2,500 ሜትር በላይ ባሉ ሜዳዎች ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይደረግ ከልክሎ፣ ተቃውሞ ሲበዛበት በ2008 እገዳውን ያነሳውም በዚሁ በትንፋሽ ጉዳይ ነው።

ሞተርም ይተነፍሳል። ጅማ ከባህር ወለል 1,750 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። እዚያ ያለው የአየር ግፊት ባህር ወለል ላይ ካለው ወደ 80 በመቶ ያህሉ ነው። አየር ሲቀንስ የሚቃጠለው ነዳጅም ይቀንሳል፤ ጉልበትም አብሮ ይወርዳል። ፋብሪካ ላይ 200 ፈረስ የተለካው አርዋን ጅማ ላይ ወደ 160 ይጠጋል። የቦክሰሩ 12 ፈረስም ከ10 በታች ይወርዳል።

ጉዳቱ ግን እኩል አይደለም። ዘመናዊው ሱፐር ባይክ ነዳጁን በኮምፒዩተር ስለሚመጥን አየሩ ሲሳሳ ነዳጁንም ይቀንሳል። ካርቡራተር ያለው ሞተር ይህን አያውቅም። በቆላ በተስተካከለበት መጠን ደጋ ላይም ያንኑ ያህል ነዳጅ ይሰጣል። ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል፣ ሊትሩም ቶሎ ያልቃል። ጥሩ መካኒክ ካርቡራተሩን ለአካባቢው ከፍታ አስተካክሎ ሲሰጥ ለሞተረኛው በየቀኑ ጥቂት ኪሎ ሜትሮችን በነፃ ሰጠው ማለት ነው። ደግሞ ስስ አየር የራሱ ጥቅም አለው፤ ለመግፋት ይቀላል።

ከጅማ ወዲያ ያለው ጨዋታ

አንድ ሰው ‹‹አርዋኑ ወልቂጤ ላይ ነዳጅ ቢሞላ ይደርስ የለም ወይ?›› ሊል ይችላል። ትክክል ነው፤ ይደርሳል። ዋናው ጨዋታ ግን የሚጀምረው ከጅማ በኋላ ነው።

ከጅማ በምዕራብ አጋሮ፣ ከዚያም 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በደሌ አለ። በደቡብ ምዕራብ በሰቃ በኩል ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ቦንጋ ይገኛል። በሰሜን ሊሙ ገነት አለች። እነዚህን ከተሞች የሚያገናኘው መንገድ አንድ ነገር ነው፤ ቡናው ያለበት መንገድ ግን ሌላ ነገር ነው። ቡናው ያለው ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ በሚሄደው ፒስታ ላይ ነው። እዚያ ማደያ የለም። ቤንዚን ቢገኝም በሃይላንድ ፕላስቲክ ተሞልቶ ደጃፍ ላይ የተሰለፈ ነው። ዋጋው ከማደያው ይበልጣል። ምን እንደተቀላቀለበትም የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው።

ለቀማው በሚጧጧፍበት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ሞተር ሌላ ትርጉም ይኖረዋል። ለታጠበ ቡና የሚሆን ቀይ እሸት በተለቀመበት ዕለት መፈልፈያ ጣቢያ መድረስ አለበት። ካደረ ይብላላል፤ ጣዕሙ ይበላሻል፤ ዋጋውም ይወርዳል። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ወደ ስድስት ኪሎ እሸት እንደሚያስፈልግ ሲታሰብ ገበሬው የሚያጓጉዘው ሸክም ምን ያህል እንደሆነ መገመት አይከብድም። መኪና በማይገባበት ቀበሌ ይህን ሸክም የሚያወጣው አህያ፣ በቅሎ ወይም ሞተር ነው። ከኋላ ጆንያ የታሰረበት ሞተር ግማሽ መንገድ ላይ ነዳጅ ከጨረሰ የዓመት ልፋት ጫካ ውስጥ ያድራል።

ሞተሩ የሚጭነው ቡና ብቻ አይደለም። ሌሊት ታማሚ ሲያጋጥም፣ ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶት መኪና እምቢ ሲል፣ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ያው ሞተር ነው። ያን ጊዜ ማንም ስለ ፈረስ ጉልበት አይጠይቅም። ጥያቄው አንድ ነው፤ ‹‹ነዳጅ አለህ?››

አርዋን በዚህ ፒስታ ላይ ቢገኝ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ሆዱ ከመሬት የሚርቀው 13 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ጎማው ለለስላሳ አስፋልት የተሠራ ነው። የጅማ ክረምት ጭቃ ደግሞ ማንንም አይምርም።

33 ሊትሩ ሞተር

ረጅም መንገድ የሚያውቁ ነጂዎች ይህን ቀድመው ተረድተውታል። እ.ኤ.አ. በ2007 የፊልም ተዋናዩ ኢዋን ማክግሪገርና ጓደኛው ቻርሊ ቡርማን ከስኮትላንድ እስከ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ በሞተር ሲጓዙ በሱዳን በኩል ኢትዮጵያ ገብተው ወደ ኬንያ አልፈዋል። ገንዘብ ያልቸገራቸው እነዚህ ሰዎች የመረጡት ሱፐር ባይክ አልነበረም። የመረጡት ቢኤምደብሊው አር 1200 ጂኤስ አድቬንቸር ነው። ጉልበቱ 100 ፈረስ ገደማ፤ ማለትም የአርዋን ግማሽ። ታንኩ ግን 33 ሊትር! የአርዋን እጥፍ ሊሆን አንድ ሊትር ነው የቀረው። ግማሽ ጉልበት፣ እጥፍ ነዳጅ። አፍሪካን ለማቋረጥ የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ኪሱ ምን ይላል?

በ2014 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በ2017 ዓ.ም. የገና ሰሞን 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። በዚያ የገና ዋጋ እንኳ የአርዋንን 17 ሊትር ለመሙላት 1,725 ብር ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከ7 ብር በላይ ነው።

በሊትር 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ቦክሰር በኪሎ ሜትር 2 ብር ከ54 ሳንቲም ይፈጃል። ያም ቢሆን ቀላል አይደለም። በቀን 100 ኪሎ ሜትር የሚሠራ ሞተረኛ በ2014 ዓ.ም. ለነዳጅ 120 ብር ያወጣ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ገና ላይ 254 ብር ሆነ። ይህ ለአንዱ ቀን ነው። ዘይት፣ ጎማ፣ ካቴናና ፍሬን ገና አልተነኩም። ሰልፍ ላይ የሚባክነው ሰዓትም አልተቆጠረም።

ችግሩ ሞተረኛውን ወደ አደገኛ ዘዴ ይገፋዋል። አንዳንዱ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍቶ ይለቀዋል። ሞተር ሲጠፋ በማርሽ መያዝ የለም፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ሁለት ሰውና አንድ ጆንያ የጫነ ሞተር ከዳገት ሲወርድ ፍሬኑ ግሎ እምቢ ቢለው ያዳናት ግማሽ ሊትር ነፍስ ታስከፍላለች። ሌላው በሃይላንድ የተሞላ ቤንዚን መኖሪያ ቤት፣ ማድቤት አጠገብ ያስቀምጣል። ይህ እሳት አጠገብ መተኛት ነው።

ያለ ጉዳት ነዳጅ መቆጠብ የሚፈልግ ግን መንገዱ ቀላል ነው። የጎማ ንፋስ በልኩ መሙላት፣ ካቴናን ዘይት መቀባት፣ ካንዴላን ማጽዳት፣ ካርቡራተርን ማስተካከል፣ ጋዝን በእርጋታ መስጠት። ጭነት መቀነስም አለ፤ ይሄኛው ግን ለሞተረኛው ከባዱ ነው፤ ጭነቱ ገቢው ነውና።

ጉልበትና ጽናት

ጅማ ይህን ትምህርት በኳስም አይታዋለች። ጅማ አባ ጅፋር ከከፍተኛ ሊግ ባደገ በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ታላላቆቹን ክለቦች ቀድሞ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ። ከተማዋ በደስታ አበደች። እንደዚያ ያለ አነሳስ በኢትዮጵያ ኳስ ብዙ ጊዜ አይታይም። አራት ዓመት ቆይቶ በ2014 ዓ.ም. ያው ክለብ ከሊጉ ወረደ። መነሳትና መዝለቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሱፐር ባይኮቹም ቢሆኑ ከመንገድ እየራቁ ነው። ያማሃ ከ2025 ጀምሮ አርዋንን በአውሮፓ ለመንገድ መሸጥ አቁሞ ለውድድር ሜዳ ብቻ እንደሚያቀርበው አስታውቋል። ምክንያቱ ጥብቅ የሆነው የአውሮፓ የጭስ ሕግ ነው። ከውድድር ሜዳ የመጣው ሞተር ወደዚያው ተመለሰ ማለት ይቻላል።

የቡና ከተሞቹ ወጣቶች ግን የፍጥነት ፍቅራቸው አልበረደም። ቦክሰሩ ላይ የአርሰናል ወይም የማንቸስተር ዩናይትድ ምልክት ይለጥፋሉ፤ የእሽቅድምድም ሞተር ስምም ይጨምሩበታል። ይለጥፉ፤ ደስ ይላል። ማታ ላይ ግን ሞተረኛው ወደ ገጠር ከመውጣቱ በፊት የታንኩን ክዳን ከፍቶ ሞተሩን ግራና ቀኝ ያወዛውዘዋል፤ ጆሮውንም ጠጋ ያደርጋል። ውስጥ የሚንቦጫረቀው ነዳጅ ምን ያህል እንደቀረው ይነግረዋል። ‹‹ይበቃል›› ካለ ይነሳል። ካልበቃው በ200 ፈረስም አይወጣም።